ያወቀችውን አስመስክሩላት

ለኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና በአካባቢው ላሉ ፋብሪካዎች የሥራ ኃላፊዎች፣
ለደቡብ ወሎ ዞን ሥራና ሥልጠና መምሪያ፣
ለተሁለደሬና ለአምባሰል ወረዳ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቶች፣



ይህን ደብዳቤ ከሐይቅ እጽፍላችኋለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሄልፐር ሆኜ ገብቼ፣ ኦፕሬተር ሆኜ፣ በኋላም ላይን እስከመምራት ደርሼ ወጥቻለሁ። ዛሬ እቤቴ በረንዳ ላይ አራት ማሽን ዘርግቼ የሰፈር ልጆችን ስፌት አስተምራለሁ። ላጫውታችሁ የምፈልገው ነገር ግን የሚጀምረው ከአንድ የተሰበረ መርፌ ነው።

ላይን እመራ በነበረ ጊዜ ከአምባሰል የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በሥሬ ነበረች። ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። የሕፃናት ሱሪ ጎን ትዘጋለች። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መርፌዋ ተሰበረ። ማሽን ላይ የዋለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ይህ የየቀኑ ነገር ነው፤ ጨርቁ ሲደራረብ፣ እጅ ሲቸኩል፣ መርፌው ሲደንዝ ይሰበራል። ሥርዓቱም የታወቀ ነው። ማሽኑ ይቆማል፣ ኃላፊ ይጠራል፣ ስብርባሪው አንድም ሳይቀር ተለቅሞ ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ከስብርባሪው የጎደለ ካለ ልብሱ ተነጥሎ ይፈተሻል። ልጅቱ ግን ግራ ቀኙን አየች፣ ያገኘችውን ስብርባሪ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው፣ ከጎረቤቷ መርፌ ተበድራ ሥራዋን ቀጠለች።

ማታ ማሸጊያው ክፍል የብረት መፈተሻው ጮኸ። የመርፌው ጫፍ በሱሪው ስፌት ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። የታሸገው ካርቶን ሁሉ ተከፈተ፤ እኛም እስከ ሌሊት ቆመን ሱሪ በሱሪ ስንፈትሽ አመሸን። ልጅቱ ቢሮ ተጠራች። ስትወጣ በሩ ላይ ጠብቄ ለምን እንደደበቀችው ጠየቅኋት። «እትዬ፣ የመርፌው ዋጋ ከደመወዜ የሚቆረጥ መስሎኝ እኮ ነው» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ነገ እናወራለን» ብዬ ሸኘኋት። በማግሥቱ አልመጣችም።

ያን ቀን ማታ ስተኛ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። መርፌ ሲሰበር ምን እንደሚደረግ ነግሬያት ነበር፤ ለምን እንደሚደረግ ግን አልነገርኳትም። ያቺ የመርፌ ጫፍ ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ሕፃን ጭን ላይ ልትሰካ እንደምትችል፣ የተሰበረ መርፌ ይዞ የመጣን ሰው ማንም እንደማይቀጣው፣ የሚያስቀጣው መደበቁ እንደሆነ አላስረዳኋትም። እንዳስተምራት የተሰጠኝ ጊዜ አንድ ቀን ተኩል ነበር። በዚያ ላይ እንዴት እንደሚያስተምሩ እኔን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ላይን መሪ የተደረግሁት እጄ ፈጣን ስለነበረ ነው።

ጉዳዬ ይህ ነው። በፋብሪካዎቻችን ሥልጠና ማለት ጀማሪዋን ታርጌት እስክትደርስ ማሯሯጥ ሆኗል። ልጅቱ ስትመጣ መስመር የታተመበት ወረቀት ይሰጣታል፤ ክር በሌለው መርፌ መስመሩን እየተከተለች ወረቀቱን ትበሳለች። መልካም ዘዴ ነው፤ እግር ፔዳሉን መርገጥ፣ እጅም መምራት ይለምዳል። ቀጥታ፣ ከዚያ ማዕዘን፣ ከዚያ ክብ መስመር። ክቡን ሳትጨርስ ግን ላይኑ ሰው ጎደለው ይባልና ትነሣለች። አንድ ቁራጭ ሥራ ይሰጣታል፤ ኪስ መምታት ከሆነ ኪስ፣ ጎን መዝጋት ከሆነ ጎን። ዓመት ሙሉ ያንኑ ትሠራለች። ሱሪው በስንት እጅ አልፎ ሱሪ እንደሚሆን፣ ክሩ ለምን እንደሚበጠስ፣ ቦቢኑ ለምን እንደሚላላ ሳታውቅ ዓመቱ ያልፋል። ማሽኑ ሲቆም እጇን አጣጥፋ መካኒክ ትጠብቃለች።

ላይን መሪውን ማስተማር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ወንዶቹ ሲዘምቱ ፋብሪካው ማሽን አይተው በማያውቁ ሰዎች ተሞላ፤ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ። ያኔ መንግሥታቸው ከያዛቸው ዘዴዎች አንዱ ፎርማኑን ማስተማር ነበር። ሥልጠናው አሥር ሰዓት ነው፤ ሲጨርስም ኪስ የሚገባ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ ያለው አራት ነገር ነው፦ ለማጁን አረጋጋው፣ ሥራውን ዋና ዋና ነጥቡን እየለየህ አሳየው፣ ራሱ እየሠራ እንዲያስረዳህ አድርግ፣ ለብቻው ከተውከው በኋላም ተመልሰህ ጎብኘው። ይህ ዘዴ ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ገባ፤ ዛሬ ካይዘን ለምንለው አሠራር አንዱ ሥር እሱ ነው። እኛም ካይዘንን በ30 ፋብሪካዎች ሞክረን፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት አቋቁመንለት ተቀብለናል። ፋብሪካዎቻችን ውስጥ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሠምሯል፣ አምስቱ ማዎች ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፣ መቀሱም ቦታ ቦታውን ይዟል። ይህን አላቃልልም፤ ሥርዓት ያለው ቦታ ለሠራተኛም ጤና ነው። የፎርማኑ አሥር ሰዓት ግን እኔ የነበርኩበት ላይን ድረስ አልደረሰም። ደርሶ ቢሆን ያቺ ልጅ መርፌዋን ይዛ ወደ እኔ በመጣች ነበር።

የምትሉኝን አውቃለሁ፤ ስብሰባ ላይ ስትናገሩት ሰምቻለሁ። «ሠራተኛው አይቆይልንም። ዛሬ ያሠለጠንናት ነገ ትሄዳለች፤ ለምን ወጪ እናውጣ?» ትላላችሁ። መሄዳቸው እውነት ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአገራችን አምስት ፋብሪካዎች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሥራውን ካገኙት ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ትተው ወጥተዋል። በዓመቱ ደግሞ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናት በሐዋሳ ፓርክ የልብስ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን ጽፏል። የደመወዙ ነገር ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም መደንገጉን አስታውሼ ልለፈው። ሥልጠና የእንጀራ ምትክ ነው የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም። ከሐይቅ ተነሥቶ ደሴ ወጥቶ ኮምቦልቻ መውረድ በየቀኑ የሚቻል መንገድ አይደለም፤ ልጆቹ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ከኪራይና ከሽሮ የሚተርፈውን ታውቁታላችሁ።

ይሁንና ከደመወዙ ሌላ የሚያስኬዳቸው ነገር አለ፤ ስለዚህኛው ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ተሁለደሬም ሆነ አምባሰል ውስጥ አንዱን ቤት አንኳኩታችሁ ግቡ፤ ልጅ ወይ እህት ዓረብ አገር ያልሄደችበት ቤት አታገኙም ለማለት ምንም አይቀረኝ። የፋብሪካው ተፎካካሪ ከጎኑ ያለው ሼድ አይደለም፤ ጅዳ ነው፣ ሪያድ ነው፣ ቤይሩት ነው። አሁን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 አንዲት ልጅ በሕጋዊ መንገድ ለቤት ሠራተኝነት እንድትሄድ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሊኖራት ይገባል ይላል። ስለዚህ ትሠለጥናለች። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ትማራለች። ትፈተናለች፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ ትይዛለች። ያ ወረቀት ስሟን ይዟል፣ የምትችለውንም ይናገራል፤ እናቷ በፌስታል ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

ሁለት ዓመት በኮምቦልቻ ኦቨርሎክ ላይ የዋለችው ልጅ ግን ምን ይዛ ወጣች? የሰው ኩሽና ውስጥ ለመሥራት ብቃቷ የተመሰከረላት ልጅ፣ አገሯ ላይ የፋብሪካ ማሽን ስታንቀሳቅስ ለኖረችበት ዕድሜ ምስክር የላትም። ሌላ ፋብሪካ ስትሄድ እንደገና ከሄልፐር ትጀምራለች፤ እንደገና 60 የሥራ ቀን ትሞከራለች። ታዲያ እዚያው የቆየችበት ዓመት በሕይወቷ ላይ ምን ጨመረላት? ብትቆይም ብትሄድም አንድ የሆነባት ሰው ለምን ይቆያል?

ይህ ነገር በተለይ በእኛ አገር ሲሆን ያሳዝነኛል። ምስክርነት ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ ሐይቁ ውስጥ ገባ ብሎ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት ቦታ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ ከሸዋ ድረስ ተጉዘው የተማሩት እዚያ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ዜማውን ስለቻለ ብቻ መምህር አይባልም፤ ያስመሰክራል። ድጓ የተማረ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነችው ቤተልሔም ወርዶ፣ በሚያውቁት ፊት ቆሞ፣ ያወቀው ተመርምሮ ይመሰከርለታል። ከዚያ ወዲያ የትም ደብር ቢሄድ ከፊደል ጀምር የሚለው የለም። ደረሳውም እንዲሁ ነው። ኪታቡን በሸኹ ፊት ቀርቶ ሲጨርስ ኢጃዛ ይቀበላል፤ ምን እንደቀራ፣ ከማን እንደቀራ የሚናገር ፈቃድ ነው። ሸኹ ዘንድ ቢቆይም ወደ አገሩ ቢመለስም ኢጃዛው የሱ ነው። አባቶቻችን የተማረ ሰው ሊሄድ እንደሚችል አጥተውት አይደለም፤ ይሄዳል ብለው ማስተማሩንም መመስከሩንም አልተውም።

ሸማኔውንም አስታውሱ። የሸማኔ ልጅ መጀመሪያ ቀሰም ይሞላል። ድር ማድራት ይማራል። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መወርወሪያ የሚጨብጠው ከዚያ በኋላ ነው። ማጉ ሲበጠስ ማን ይቀጥልልኝ ብሎ አይቀመጥም። ጋቢውን ከጥጡ እስከ ጥለቱ ያውቀዋል። የፋብሪካ ሥራ በባሕርዩ የተከፋፈለ ስለሆነ ሁሉም ሁሉን ይሥራ አልልም፤ በሦስት ወር አንዴ ቦታ ማዘዋወር ግን ይቻላል። እኔ ሞክሬዋለሁ። ከሥሬ የነበሩ ስምንት ልጆችን በፈቃዳቸው አቀያየርኳቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ምርት ወረደ፤ ተቆጡኝም። ከዚያ በኋላ ግን አንዷ ስትታመም ላይኑ መቆሙ ቀረ።

ታዲያ የምጠይቀው ምንድን ነው? አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ አዲስ በጀትም አይደለም። በየላይኑ ራስ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ታውቁታላችሁ። የልጆቹ ስም ወደ ታች ተደርድሯል፤ ኪስ፣ ጎን፣ ወገብ፣ ዚፕ፣ ኮሌታ እየተባለ ሥራው በአናት ተጽፏል። በየሣጥኑ ውስጥ ለአራት የተከፈለ ክብ አለ። የጀመረች ሩቧ ይጠቁራል፤ በረዳት የምትሠራ ግማሿ፤ ለብቻዋ የምትችል ሦስት ሩቧ፤ ሌላ ሰው ማስተማር የምትችል ሙሉው። ስለዚህ ፋብሪካው እያንዳንዷ ምን እንደምትችል ያውቃል። ገዢ ሲመጣም ያሳየዋል። የማታውቀው፣ ወይም አውቃም ይዛው መሄድ የማትችለው፣ ባለቤቷ ናት። ያንን ክብ ወረቀት ላይ ገልብጡላት። የትኛውን ማሽን፣ የትኛውን ሥራ፣ በምን ጥራት እንደምትሠራ ጻፉ፤ ፈርሙ፣ ማኅተም አድርጉበት፣ በየስድስት ወሩ አድሱላት።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው አሠሪውን ያስገድዳል። የሥራውን ዓይነት ማለቱን ልብ በሉልኝ። «ኦፕሬተር ነበረች» ብሎ መጻፍ «ሰው ነበረች» ከማለት በብዙ አይለይም።

ለዞኑ መምሪያና ለወረዳዎቹ ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ይህን እላለሁ። የብቃት ምዘናውን ወደ ፋብሪካው ውሰዱት። መዛኙ እሑድ ወይም ፈረቃ ሲቀያየር መጥቶ ልጅቱን በምታውቀው ማሽን ላይ ይመዝናት፤ ለፈተና ብላ የቀን ደመወዟን አትጣ። የትብብር ሥልጠናውም ሥልጠና ይሁን። ደንቡ የኮሌጅ ሠልጣኝ ከትምህርቱ 70 በመቶውን በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ ይማር ይላል። እኔ ላይን ሳለሁ የተላኩልኝ ሠልጣኞች ግን ክር ሲቆርጡና ካርቶን ሲሸከሙ ከርመው ተመልሰዋል፤ የሚያሠለጥናቸው ሰው ስላልተመደበ ነው። ስማቸው የተጻፈበትን ፎርም እኔም ፈርሜ ልኬያለሁ፤ ይህን የምናገረው ከደሙ ነፃ ነኝ ብዬ አይደለም።

ከየቀበሌው ልጅ ስትልኩም አስቀድማችሁ ንገሯት። ደመወዙ ስንት ነው፣ የቤት ኪራዩ ስንት ነው፣ የሌሊት ፈረቃ አለ ወይ፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ወይም መቆም አለ ወይ። ውጫሌ ላይ አውቶቡስ ሞልቶ መላክ ለሪፖርት ይበቃ ይሆናል። ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ሲመለስ ግን የሚያፍሩት ልጆቹ ናቸው። ጎረቤት «ፋብሪካ አልችል ብላ መጣች» ይላል።

ወረቀቱ በልጅቱ እጅ መሆን አለበት የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌን፣ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ። ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ ፋብሪካ ተዘረፈ፣ ተሰባበረም። እሱ ሳያልፍ ታኅሣሥ 23 ቀን አሜሪካ አገራችንን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ሰረዘችና ለውጭ ገበያ የሚሰፋው ሥራ ሌላ ፈተና ገጠመው። እኔ የነበርኩበት ፋብሪካ ሥራ ሊቀጥል ሲሰናዳ ገብቼ አይቻለሁ። መሬቱ ላይ ቁልፍና ዚፕ ተበትኖ፣ የማሽን ጠረጴዛ ጭንቅላቱ ተነቅሎ ቆሟል። በላይናችን ራስ ላይ የነበረው ሰሌዳ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። የሰው ሀብት ክፍሉ ፋይልም አልነበረም። የድሮ ሠራተኞችን ለመጥራት ሲፈለግ ማን ምን ይችል እንደነበረ ከእኔና ከሁለት ባልደረቦቼ አእምሮ በቀር የተጻፈ ቦታ አልነበረም። ቁጭ ብለን ስም እያነሣን ጻፍን። ያስታወስነውን ጻፍን፤ ያላስታወስነው ቀረ። ከጻፍናቸው ውስጥም ብዙዎቹ ስልካቸው አይሠራም፤ ባሕር ተሻግረዋል።

ከተሻገሩት አንዷ ኮሌታ ትገጥም የነበረች የሐይቅ ልጅ ናት። ሸሚዝ የሚያውቅ ኮሌታ መግጠም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሁለቱ ጫፍ እኩል ካልመጣ ሸሚዙ ለሰው አይሆንም። እሷ በቀን ስትገጥም ከመቶ ሁለት እንኳ አይመለስባትም ነበር፤ ሌሎች አራት ልጆችንም ያስተማረችልኝ እሷ ናት። በሰሌዳው ላይ ክቧ ሙሉ ነበር። ዛሬ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ወር በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ኮንትራቷን ጨርሳ ለኢድ ትመለሳለች፤ ተመልሳም መሄድ አትፈልግም። ደሴ ውስጥ ሸሚዝ የሚያሰፋ ሰው ኦፕሬተር እንደሚፈልግ ሰምታለች፤ ልምድ የሚያሳይ ወረቀት አምጪ ብሏታል። «እትዬ፣ ያ የሠራሁበት ነገር በወረቀት ይገኝልኝ ይሆን?» ትላለች።

ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ፋይሉ የለም። ኮሌታ መግጠም እንደምትችል፣ ሰው ማስተማርም እንደምትችል በእጄ ጽፌ ፈርሜላታለሁ። እኔ ግን ማኅተም የለኝም። ማኅተሙ ያለው እናንተ ዘንድ ነውና፣ ስትመጣ በሚመቻችሁ ቀን የሚመዝናት አንድ መዛኝ ከአሁኑ መድቡልኝ፤ ማሽኑንም ጨርቁንም እኔ አዘጋጃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የላይን ኃላፊ፣ የዛሬ የስፌት አስተማሪ
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ